ያረመ ይጨርስ

ጥቅምት 3

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ ከብርዱ ጋር ታርቆ፣ ዓይንዎም ክርና መርፌ ማገናኘቱን ሳይተው በደህና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ካፖርቴንም እለብሳለሁ፤ ሦስቱንም እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ አስቀድሜ መለስኩ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እትዬ፣ ስልኩ መረረኝ። በደወልኩ ቁጥር እርስዎ ያነሳሉ፤ «አባትሽ እዚሁ አጠገቤ ነው፣ ላቀብልሽ» ይላሉ፤ ከዚያ ወንበር ሲንፏቀቅ፣ በር ሲከፈት እሰማለሁ፤ ከዚያ እርስዎ «ለካ ምላጭ ሊገዛ ወጥቷል» ይላሉ። እናቴ ካረፈች ዓመት አለፈ። በዚህ ዓመት አባባ የገዙት ምላጭ የከተማውን ፂም ሁሉ ላጭቶ ይተርፋል። እርስዎ እንዳያዝኑ ብዬ ስልኩ ላይ እስቃለሁ፤ ስዘጋው ግን አለቅሳለሁ። ለጊዜው መጻፉ ይሻለኛል ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

እንዲያው ሥራዬን እንኳ በቅጡ ነግሬዎት አላውቅም። የምሠራው እዚህ በሰው አገር አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ተሳፋሪ ረስቶት የወረደው ዕቃ ሁሉ እኔ ያለሁበት ክፍል ይመጣል፤ እረከባለሁ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ባለቤቱ ሲመጣ አስረክባለሁ። ጃንጥላ፣ መነጽር፣ ቦርሳ፣ የአንድ እግር ጫማ። አንድ እግሩን ጫማ ጥሎ የወረደ ሰው እንዴት ቤቱ እንደሚደርስ እስካሁን አልገባኝም። ባለፈው አንድ ሽማግሌ መጥተው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው አውቶቡስ ላይ እንደቀረ ነገሩኝ። ሳጥኑን አውጥቼ የተገኙትን ጥርሶች ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። አንዱን አንስተው በመሀረባቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ሞከሩት፤ «ይሄ የኔ አይደለም፤ ግን ከኔው ይሻላል» አሉ። አለቃዬ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ገባች።

ሰሞኑን መብራት ጠፍቶብን እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ የሙሽራው ፀጉር ትዝ አለኝ። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የጎረቤታችን የአናጢው ልጅ በሠርጉ ጠዋት አባባ ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ግማሽ ራሱ ተስተካክሎ ግማሹ እንደ ቁጥቋጦ እንደቆመ መብራት ድርግም አለ። ቶንዶዙ ዝም አለ። ፀጉር ቤቱ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ጨለማ ነው። ሚዜዎቹ በር ላይ ይቁነጠነጣሉ፣ ሙሽራው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከዚያ እርስዎ ሻማ ይዘው ከአባባ ትከሻ በላይ አበሩላቸው፣ አባባ በመቀስ ጨረሱት። የሻማው ጠብታ አንገቱ ላይ ወድቆበት ሙሽራው «ዋይ» ሲል ትዝ ይለኛል። እናቴ የት እንደነበረች ግን አላስታውስም። ጓዳ ሳትሆን አትቀርም።

ይህን የጻፍኩት ለእርስዎ ብቻ ነው። ለአባባ አያንብቡባቸው። ተቀይመውኛል፤ እናቷን ሳትቀብር የቀረች ልጅ ስለ ሙሽራ ፀጉር ታወራለች እንዲሉኝ አልፈልግም።

የወንድምዎ ልጅ

*

ኅዳር 1

ለልጄ ለድንቡሼ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሰላምታዬ መንገድ ላይ እንዳይቀዘቅዝ ደርቤ ደራርቤ ልኬልሻለሁ። ጉልበቴ ከብርዱ ጋር አልታረቀም፤ ሁለቱም ግትር ናቸው። ዓይኔ ግን ደህና ነው፤ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም አሁንም እኔው ነኝ የምሰፋው።

የላክሽው ገንዘብ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ግን ገንዘቡን ቀነስ፣ ወሬውን ጨመር አድርጊልን። ለምን እንዳልኩሽ አሁን ታያለሽ።

አታንብቢለት ብለሽኛል፣ እኔም አላነበብኩለትም። ግን አንቺው ታውቂኝ የለ፣ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ መቼ ችዬ አውቃለሁ? የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የማነበው። ሳሎን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። በእኔና በፀጉር ቤቱ መሀል ያለው ያው ያደግሽበት ኮምፔርሳቶ ነው፤ ከወዲያ ሲያስነጥሱ ከወዲህ «ይማርህ» የምንልበት። አባትሽ የደላላውን ፂም ይላጭ ነበር። ደላላውን አትረሺውም፣ ቤት ላከራይ ብሎ መጥቶ የሰውን ምሥጢር ሁሉ ተከራይቶ የሚሄደው።

«ሻማ ይዘው» የሚለው ላይ ስደርስ ከወዲያ ማዶ «ሻማ አልነበረም» የሚል ድምፅ መጣ።

ልጄ፣ ክው ነው ያልኩት። አባትሽ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ያለው ጨዋታ «እህ» እና «እሺ» ነው። ደንበኛውንም «ጎኑን ላሳጥረው?» ይለዋል፣ በቃ። «ምን አልክ?» አልኩት። የመለሰልኝ ደላላው ነው፣ አረፋው ውስጥ ሆኖ፤ «ሻማ አልነበረም ይላል።»

ያን ጊዜ የአባታችን ሕግ ትዝ አለኝ። አያትሽ ፀጉር ቤቱን ዘግተው ሲገቡ ገበታ ላይ ተራ በተራ ወሬ ያስወሩን አልነበር? አንዱ ሲያወራ ስህተት ያገኘ ያስቆመዋል፤ የተሳሳተው አፉን ይዘጋል፣ ያረመው ደግሞ ወሬውን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። ያረመ ይጨርስ። አርሞ ዝም ያለ ሳህን ያጥባል። አንቺም በልጅነትሽ ስንቱን ሳህን አጥበሽበታል። እኔም ኮምፔርሳቶውን በመቀሴ እጀታ ቆጥቆጥ አደረግሁና «ያረመ ይጨርስ» አልኩት። መላጨቱን ቀጠለ። «እንግዲያው የምሳው ሳህን ይጠብቅሃል» አልኩት። ደላላው ደግሞ «እባክህ ምላጩን ከጉሮሮዬ ላይ አንሳና አውራ፣ እኔም ልስማ» አለው።

ከዚያ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ እንደሚጎትተው ዓይነት። «መስታወት ነበር» አለ። «ትልቁን መስታወት ከግድግዳው አውርዳ፣ ግቢ ወጥታ ፀሐዩን በመስኮቱ የላከችልኝ እሷ ናት። እኔ ወደ ግራ ስዞር እሷም ታዞረዋለች፣ ወደ ቀኝ ስዞር ትከተለኛለች። መስታወቱ ከባድ ነው። ክንዷ ሲንቀጠቀጥ ብርሃኑም ሙሽራው ራስ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። አረፍ በዪ ብላት፣ አንተ ጨርስ እንጂ አለችኝ።» እንዲህ ብሎ የእናትሽን ስም ጠራ። ከቀብሯ ወዲህ ስሟ ከአፉ ሲወጣ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያው መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ዩኒፎርሙንም አበላሸሁት።

«ዋይ» ያለውም ሙሽራው አይደለም አለ። ሚዜው ነው፤ የተዋሰው ጫማ ጠቦት።

ተቀይመውኛል ላልሽው፣ ስጠይቀው ተነስቶ ይወጣል። ግን እንዲህ ያለ ቅያሜ እኔ አይቼ አላውቅም። የተቀየመ ሰው የፎቶሽን መስታወት በአልኮል አይወለውልም።

አሁን እንዲህ አስቢው። ሻማውን ባትሳሳቺ ኖሮ አባትሽ ዝም እንዳለ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ ሌላ ወሬ ጻፊልኝ። እንደ ምንም ብለሽ ተሳሳቺልኝ።

አክስትሽ

*

ኅዳር 24

ለእትዬ፣ ለሕግ አስከባሪዋ፤

ሰላምታዬ ከእርስዎ ይጀምርና በኮምፔርሳቶው ቀዳዳ አልፎ አባባ ጋ ይድረስ፤ ከተረፈም ለደላላው። ደብዳቤዎን መናኸሪያው ደረጃ ላይ ቆሜ አንብቤ ሥራ አረፈድኩ። ግቢው ውስጥ መስታወት ተሸክማ የቆመችውን እናቴን አሁን አየኋት። እንዴት ከልቤ ጠፋች? ልጅ ስለሆንኩ ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ ሙሽራው እያየሁ ነበር መሰለኝ፤ ሻማስ ከየት አመጣሁት?

እንግዲህ ተሳሳቺ ካሉኝ ልሳሳት። የሚያስፈልገው ቦታ ላይ በእርሳስ አስምሬበታለሁ፤ እዚያ ሲደርሱ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።

እዚህ ዕቃው የተገኘለት ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ቢያዩ። ርካሽ ጃንጥላ ነው፤ ግን ሲያገኘው እንደ ወንድሙ ነው የሚያቅፈው። እኔም አንድ ቀን የጠፋሁ ዕቃ ነበርኩና ይገባኛል። ገበያ የሄድንበትን ቀን ያስታውሳሉ? አራት ነበርን፣ እርስዎ፣ አባባ፣ እናቴና እኔ። ሰዉ ግጥም ብሎ ነበር። እኔን የያዙት አባባ ነበሩ፤ <u>አባባ የፍራሽ ዋጋ ሲጠይቁ እጄን ለቀው፣ እኔን እዚያው ረስተው ወደ ቤት ተመለሱ።</u> እኔም ደክሞኝ ስለነበር የተደረደሩት ፍራሾች ላይ ወጥቼ ተኛሁ። ማን መጥቶ እንዳነሳኝ አላውቅም። ስነቃ ቤት ነበርኩ።

ይኸው ነው። ውጤቱን እየጠበቅሁ እንቅልፍ የለኝም።

የወንድምዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 26

ለዚያች ለተንኮለኛዋ ልጄ፤

ጤና ይስጥሽ እላለሁ፤ ለእኔ ግን ጤናም አልሰጠሽኝ። ለአባትሽ የቆፈርሽው ጉድጓድ ውስጥ እኔን ነው የጣልሽኝ።

እንዳልሽው ድምፄን ከፍ አድርጌ «እኔን እዚያው ረስተው» ስል፣ አባትሽ ቶንዶዙን አጠፋው። «ልጄን እኔ አልረሳሁም» አለ። «እትዬ ናት። ስለ አዝራር ዋጋ ስትከራከር እጇን ለቀቀቻት።» እንግዲህ ወንበሩ ላይ አንድ ሾፌር፣ አግዳሚው ላይ ደላላውና ሌሎችም ተራ ጠባቂዎች አሉ። ሁሉም ወደ ኮምፔርሳቶው ዞሩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በአዝራር ልታማ? «ውሸት ነው» ብዬ ልነሳ ስል ጉልበቴ ያዘኝ። እሱ ደግሞ ያረመ ይጨርስ ብሎ ቀጠለ።

ቤት ስንደርስ ነው አንዳችን ሌላችንን ያየነው አለ። እኔ እሱ ጋ ናት ብዬ፣ እሱ እናቷ ጋ ናት ብሎ፣ እናትሽ እኔ ጋ ናት ብላ። እናትሽ ምንም ሳትናገር ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ወደ ገበያው ሮጠች። አባትሽ ወጣት ሆኖ እንኳ አልደረሰባትም። ሲደርስ ፍራሽ ሻጩ ከእናትሽ ጋር ይከራከራል። አንቺ ከፍራሾቹ ጫፍ ላይ እጅሽን ዘርግተሽ ተኝተሻል። ሰዉ እንቅልፍሽን እያየ «ይህን የመሰለ ፍራሽማ» እያለ ይገዛል። ሻጩ «እባካችሁ ቀኑ እስኪያልቅ ተዉልኝ» ብሎ ይለምናል። እናትሽም «ልጄን ልወስድ እንጂ ፍራሽህን ልሸጥልህ አልመጣሁም» ብላ ተሸክማሽ ተመለሰች። አባትሽ ይህን ሲያወራ ሳቀ። ሳቁን የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ሾፌሩ እንደ ሳቀ ተንቀሳቅሶ ከጆሮው በላይ ፀጉሩ ትንሽ ተበልቷል፤ ግን ቅር አላለውም።

አዝራሩን በተመለከተ፣ ውድ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

አሁን ደላላው ፂም ሳያበቅል ለመላጨት ይመጣል። «ደብዳቤ አልመጣም?» ይለኛል፣ እንደ ፖስታ ቤት። አባትሽም ማታ ገበታ ላይ ከ«እህ» አልፎ አንዳንድ ነገር ጣል ማድረግ ጀምሯል። ባለፈው «ሽሮዋ ሳይሆን ልጅቷ ናት የናፈቀችኝ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ጨው በዛበት» አለኝ። እሱንም ደስ ብሎኝ ሰማሁት።

ግን ልንገርሽ፣ አልደብቅሽም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ደወልሽ አይደል? ጠዋት ስለ አንቺ ሲያወራ የነበረው ሰውዬ ስልኩ ገና ሲጮህ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ልጅህ ናት እኮ» አልኩት። «እጄ እርጥብ ነው» ብሎኝ ወጣ። እጁ ደረቅ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ወሬሽን ይወዳል፣ ስልክሽን ይሸሻል፤ ነገሩ ግራ ገብቶኛል። ምናልባት ትንሽ ደፈር ብትዪ ይነቃ ይሆናል። ጠንከር ያለ ስህተት ላኪ።

በሐሰት የተወነጀለችው አክስትሽ

*

ጥር 14

ለእትዬ፤

ሰላም ለእርስዎና ለአዝራርዎ። ደፈር በዪ ስላሉኝ ደፍሬያለሁ፤ ምን ሳስብ እንደሰነበትኩ ቢያውቁ። አባባ ሲናደዱ ተነስተው ስልኩን ራሳቸው ይደውሉልኝ ይሆናል እያልኩ ነው።

የአያቴን ወንበር ያስታውሳሉ? <u>ያ አረንጓዴው።</u> ሱቁ ሲዘጋ እሱ ላይ ያስቀምጡኝና እርስዎ ያሽከረክሩኝ ነበር። <u>እናቴ ፀጉር ቤቱን ስለማትወደው ገብታበት አታውቅም፤</u> በር ላይ ቆማ ብቻ «ልጅቷን ታዞሯታላችሁ» ትል ነበር። አንድ ቀን እንደ ዞርኩ ወርጄ ቀጥ ብዬ የሄድኩ መስሎኝ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨሁ። በግንባሬ ላይ ያለው ምልክት የዚያ ነው።

በቃ፣ አጥምጄያለሁ። ከአባባ ምን እንደተባለ ቶሎ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

*

የካቲት 8

ለልጄ፤

ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ውሸት በዝቶብናል።

አረንጓዴው ስል አባትሽ አላረመኝም። ቀጠልኩ። እናትሽ ገብታበት አታውቅም ስል ግን ምላጩን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ወደ ሳሎን መጣ። «ያ ወንበር ቀይ መሆኑን ልጄ ዓይኗ ታስሮም ታውቀዋለች» አለኝ። «ፀጉሩን በየቀኑ ማን ይጠርግ እንደነበርም ታውቃለች። እናቷ መጥረጊያውን ስትይዝ እሷ መሰብሰቢያውን ነበር የምትይዘው። ይሄን ሰው አይሳሳትም። ሁለታችሁ እየተጫወታችሁብኝ ነው።» አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ደላላውን «ይቅርታ» ብሎ አፉን ጠርጎ ሸኘውና ፀጉር ቤቱን ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ያው እህና እሺ ነው። አንዳንዴ እሺም የለም።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ገፋፋሁሽ። ተይው እንግዲህ፣ ወሬውም ይቅር። አንቺም አትጨነቂ፣ ምግብሽን ብዪ።

አክስትሽ

*

መጋቢት 21

ለእትዬ፤

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ እየቀደድኩ ነው። ጤናዎን ይስጥልኝ። በዚህ ፖስታ ውስጥ የታሸገ ሌላ ፖስታ አለ። እባክዎ አይክፈቱት፤ ከከፈቱትም ጮክ ብለው አያንብቡት። ለአባባ እጃቸው ላይ ይስጡልኝ።

*

አባባ፤

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እጅ እነሳለሁ።

እዚህ ውስጥ አውቄ ያስገባሁት ስህተት የለም። ወንበሩ ቀይ ነው። እናቴ በየቀኑ ፀጉሩን ትጠርግ ነበር፣ እኔም መሰብሰቢያውን እይዝላት ነበር፤ ጥቁሩና ሽበቱ ሲቀላቀል «ይኸው የመንደሩ ሰው ሁሉ ታረቀ» ትለኝ ነበር። ያንን አልረሳሁትም። እሷን ማጥመጃ በማድረጌ አፍሬያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን ማናገር ሲያቅተኝ ያገኘሁት መንገድ እሱ ብቻ ሆኖብኝ ነው።

አሁን አንድ ወሬ ላውራ። ይህ የኔ ወሬ ነው፣ እንደማውቀው ነው የማወራው።

እናቴ ስታርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ከዚህ አገር ብወጣ ተመልሼ መግባት አልችልም ነበር፤ ያም ሆኖ ብመጣ ኖሮ ይሻል እንደነበር አሁን አስባለሁ። ለቀስተኛው እስኪበተን እርስዎን ማግኘት አልቻልኩም። አንድ ጠዋት ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት እርስዎ ነበሩ፣ ትንፋሽዎን አውቀዋለሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ወንበሩ ሲንፏቀቅ ሰማሁ። ሲራመዱ ሰማሁ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። «አባባ፣ አባባ» ብዬ ተጣራሁ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፅዎን ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ድምፄን ሲሰሙ መቀመጥ አቃትዎ፤ እናቷን ያልቀበረችን ልጅ ማናገር አልፈለጉም፤ በር ከፍተው ወጡ። አልፈርድብዎትም። ግን አባባ፣ እናቴን አጥቻለሁ፤ እርስዎን በሕይወት እያሉ ማጣት አልቻልኩም። ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ፣ ብቻ ያናግሩኝ።

የማውቀው ይህን ነው። ስህተት ካለበት ሕጉን ያውቁታል።

ልጅዎ

*

ሚያዝያ 11

ለልጄ፤

ጤናሽን እመኛለሁ። ሰላምታ ማሳመር አላውቅበትም፣ እሱን እትዬ ትጻፍልሽ። ከመቀስ ሌላ ነገር ከያዝኩ ቆይቻለሁ፤ ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

ደብዳቤሽን እትዬ እንዳልሻት አምጥታ ሰጠችኝ። አልከፈተችውም፤ ግን ምን ይላል እያለች ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ ዋለች። አልነገርኳትም። ደላላውንም ዛሬ አልላጭም ብዬ መለስኩት።

ወሬሽ ስህተት አለበት።

ወንበሩ መንፏቀቁ ልክ ነው። በሩም ልክ ነው። የተሳሳትሽው የተነሳሁበትን ምክንያት ነው።

እናትሽ ከውጭ ስትመጣ በር አታንኳኳም ነበር። «እኔ ነኝ» ነበር የምትለው። እኔም መቀሱን አስቀምጬ፣ ደንበኛውን አስጠብቄ እከፍትላት ነበር። ቁልፍ ነበራት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ግን አታወጣውም። እኔ እንድከፍትላት ትፈልግ ነበር መሰለኝ። ስንት ዘመን እንዲህ ኖርን።

ያን ቀን ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። እትዬም ገበያ ወጥታለች። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳሁት። «እኔ ነኝ» አልሽ። ድምፅሽ የእሷ ነው፣ ልጄ። ሁለታችሁም ቤት ውስጥ ሳላችሁ አስተውዬው አላውቅም ነበር፤ ያኔ የማን ድምፅ እንደሆነ ምን አስጨነቀኝ፣ ሁለታችሁም ነበራችሁ። ተነስቼ ልከፍትላት ሄድኩ። ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ ረስቼዋለሁ። በሩን ከፈትኩት። ደጁ ላይ ሰው የለም። ከዚያ አንቺ «አባባ፣ አባባ» ስትዪ ሰማሁ፤ ያኔ ነው የገባኝ። ዘጋሁት።

አልተቀየምኩሽም። አንድም ቀን አልተቀየምኩሽም። ያን ቀን ከወንበሩ እስከ በሩ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። መጣች ብዬ ነው የሄድኩት። ያንን ደስታ እንደገና አግኝቼ እንደገና ብነጠቅ የምችል አልመሰለኝም። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ እሸሻለሁ። የሸሸሁት አንቺን አይደለም። ደብዳቤውን የቻልኩት ድምፅ ስለሌለው ነው፤ በእትዬ ድምፅ ሲነበብ ደግሞ ማንም ማንንም አይመስልም። እኔ ይህን ያህል ስጎዳ አንቺም እዚያ እየተጎዳሽ መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

ሌላም ስህተት አለብሽ። እንዳትመጪ ያለችው እናትሽ ናት። አልጋ ላይ ሆና «ወረቀቷ ሳያልቅ እንዳትጠሯት፣ የደከመችበት ከንቱ ይቀርባታል» ብላ አስምላኛለች። እኔ ብጠራሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቃሏን ማፍረስ ግን አልቻልኩም። ስለዚህ የቀረሽው በእሷ ትእዛዝ ነው፤ ይህንን ከላይሽ ላይ አውርጂው።

ያረመ ይጨርስ ነውና ልጨርሰው። እሑድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው፤ ደውዪ። እትዬ አታነሳውም፣ እኔ ነኝ የማነሳው። «እኔ ነኝ» ብለሽ ጀምሪ፣ ሌላ ቃል አትፈልጊ። መጀመሪያ ላይ ዝም ብል፣ ወንበር ሲንፏቀቅም ብትሰሚ፣ ስልኩን አትዝጊው። በሩን ከፍቼ እመለሳለሁ።

አባትሽ